ምርቃት የሌለው ቁና

ጎንደር ውስጥ ፒያሳን የማያውቅ ሰው የለም፤ ፒያሳ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን ሁለት ሰው አይስማማም። ፖስታ ቤቱ ፒያሳ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ሲኒማ ቤቱም እንዲሁ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው አምስት ዓመታት ያቆማቸው ሕንጻዎች ዙሪያችሁን እስካሉ ድረስ እግራችሁ ፒያሳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ መላላት ይጀምራል።

የባጃጅ ሾፌር ሁለት ካርታ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚዞረው። ስትሳፈሩ «ጋሼ፣ እዚያማ ከፒያሳ ውጭ ነው፣ ጨመር ያድርጉ» ይላል። ስትመለሱ ደግሞ ካሰባችሁበት ገና ብዙ ሲቀረው ቀጥ አድርጎ ያቆምና «ፒያሳ አይደል ያሉኝ? ይኸው ፒያሳ» ይላል። ቤት አከራዩም ያው ነው። ለተከራይ ሲወራ ቤቱ «ፒያሳ እምብርቱ ላይ» ይሆናል፤ የግብር ገማች የመጣ ዕለት ያው ቤት «ኧረ ዳር ነው ጌታው፣ ማታ ማታ ጅብ የሚጮህበት» ሆኖ ይገኛል።

የሚገርመው ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም አልዋሹም። ፋሲል ግቢ አሥራ ሁለት በር ያለው ቅጥር ስላለው ውስጥ መሆንና ውጭ መሆን በትኬት ይለያል። ፒያሳ ቅጥር የለውም። እንደ ተናጋሪው ጉዳይ ይሰፋል፣ ይጠባል። ሁላችንም ይህን ስለምናውቅ ብዙ አንቀያየምም፤ ዋጋ ተከራክረን፣ ግማሽ ግማሽ መንገድ ሄደን እንለያያለን። ነገር የሚበላሸው መስመሩን ያሰመረው ሰው ራቅ ብሎ ሲቀመጥ፣ ያሰመረበትም ምክንያት ሲረሳ፣ እኛም መስመሩ ከአዳም ጀምሮ እዚያው የነበረ ሲመስለን ነው።

እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ «ሰሜን ጎንደር» እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዞኑ ለሦስት ሲከፈል ሰሜን ጎንደር የሚለው ስም ከነማኅተሙ ደባርቅ ወጣ፤ ጎንደር ደግሞ የማዕከላዊ ጎንደር መቀመጫ ሆነች። ከአልጋዬ ሳልነሳ ከሰሜን ወደ ማዕከል ተዛወርኩ ማለት ነው። የትራንስፖርት እንኳ አልተሰጠኝም።

ማታ ማታ የምንቀመጥበት ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ሰዎች አንዱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ አንዱ ደላላ ነው፤ የቀረነው ወሬ አሟቂዎች ነን። አንድ ምሽት ጠረጴዛው ላይ አንድ ዳሽንና አንድ ዋልያ ቢራ ቆሞ ነበር። ዳሽኑ እዚሁ ጎንደር የሚጠመቅ የአገር ልጅ ነው፤ ዋልያው እንግዳ። የሁለቱም ስም ከሰሜን ተራሮች የወረደ ስለሆነ ወሬውም ወደዚያው ወጣ።

መምህራችን ራስ ዳሽን 4,620 ሜትር ነው ብለው ነው ያስተማሩት። አሁን የሚወጡት መጻሕፍትና ካርታዎች ግማሾቹ 4,550፣ ግማሾቹ 4,533 ይላሉ። «ያኔ 4,550 ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ነጥቡን ልመልስለት ዝግጁ ነኝ» አሉ። «ግን ቁመቱስ ይሁን። መሣሪያ ሲሻሻል ልኬትም ይሻሻላል። እኔን ያስቸገረኝ ደረጃው ነው።»

በእርግጥም ደረጃው ጉድ ነው። 4,620 ካላችሁ ራስ ዳሽን የታንዛኒያውን ሜሩን በልጦ፣ ከኪሊማንጃሮ፣ ከኬንያ ተራራና ከሩዌንዞሪ ቀጥሎ ከአፍሪካ አራተኛ ይሆናል። 4,550 ካላችሁ ሜሩ ቀድሞት አምስተኛ ይወጣል። ይህም ቢሆን ሩዌንዞሪን እንደ አንድ ተራራ ከቆጠራችሁ ነው። ሩዌንዞሪ ግን ስታንሊ፣ ስፔክ፣ ቤከር፣ ኤሚን እያለ የሚቀጥል የጫፍ ቤተ ዘመድ ነው፤ ኪሊማንጃሮም ከኪቦ ሌላ ማዌንዚ የሚባል ወንድም አለው። እያንዳንዱ ጫፍ ለየብቻው ይቆጠር ካላችሁ ራስ ዳሽን ወደ አሥረኛ፣ ወደ አሥራ አንደኛ ይወርዳል። አንዲት ጠጠር ሳትንከባለል።

«ታዲያ ሁለት ጫፍ አንድ ተራራ የሚሆነው መቼ ነው?» አልኳቸው።

መምህሩ ጠርሙሱን አራቁና ሁለት እጃቸውን ሁለት ጫፍ አድርገው ያስረዱን ጀመር። በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ይህን ያህል ሜትር ከወረደ ሁለት ተራራ ነው፤ ካልወረደ አንድ ነው። «ይህን ያህል» የሚለው ስንት እንደሆነ ግን ዓለም አልተስማማም፤ አንዱ ያሳንሰዋል፣ ሌላው ያበዛዋል። ደላላው እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና ትዕግሥቱ አለቀ። «መምህር፣ ይሄ ምኑ ይከብዳል? ካርታው ስንት ነው? በአንድ ካርታ ከሆነ አንድ ነው። ሁለት ካርታ ከወጣለት ሁለት ነው፤ ሸለቆ ኖረው አልኖረው ማንም አይጠይቅም።»

ስቀን ስናበቃ መምህሩ ብቻ አልሳቁም። «ስለ ተራራ ከሰማሁት ትርጉም ሁሉ የማይዋሸው ይሄ ነው» አሉ።

ዋልያውም ከዚህ ዓይነት ፍርድ አልተረፈም። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ የኑቢያ አይቤክስ የሚባለው የበረሃ ፍየል ንዑስ ዝርያ ነው የሚለው ላይ ነው። ዝርያ ማለት እርስ በርሱ የሚዋለድ ነው የሚለው ሊቅ ከዘመዶቹ ጋር ያጠጋጋዋል፤ ለብቻው ስንት ዘመን ኖረ፣ ቀንዱስ ምን ይመስላል የሚለው ይለየዋል። ዋልያው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሣሩን ይነጫል። ለእሱ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ራሱን የቻለ ዝርያ ከተባለ የዓለም ዓይንና ገንዘብ ይከተለዋል፤ ንዑስ ከተባለ ደግሞ «ዘመዶቹ ግብፅም ሳዑዲም አሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለብሔራዊ ቡድናችንም አስቡለት። «ዋልያዎቹ» በሊቃውንት ጉባኤ ዝቅ ተደርገው «ንዑስ ዋልያዎቹ» ቢባሉ ምን ይዋጠናል? ደላላው ይህንንም አላሳለፈም፤ «እኔ ሲጫወቱ አይቼ ያን ጊዜውኑ መድቤያቸዋለሁ» አለ።

ዋልያው የሚኖርበት ፓርክስ ቢሆን? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሰሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ፤ የተመዘገበው 13,600 ሄክታር ነበር። ራስ ዳሽን ከዚያ መስመር ውጭ ቀረ። የሰሜን ተራሮች አናት የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ አልነበረም! ፓርኩ እየሰፋ ሄዶ ተራራውን እስኪያቅፈው ድረስ ስንቱ ፈረንጅ «ቅርሱን ልይ» ብሎ መጥቶ፣ ከቅርሱ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ፎቶ ተነሥቶ እንደተመለሰ እግዜር ይወቀው።

ከተራራ እንውረድ። ከተማ ማለት ምንድን ነው? በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ ከተማ ለመባል በጥቅሉ 2,000 ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሺህ ሰው ኖሮ አብዛኛው ከእርሻ ሌላ ሥራ ካለውም ይበቃል። የወረዳ ዋና ከተማ ከሆነ ደግሞ የሰው ብዛት አይጠየቅም። ስለዚህ ሰሜን ውስጥ አንዲት የገጠር መንደር ማታ ገብስ ስትወቃ አምሽታ፣ ጠዋት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ታፔላ ሲሰቀልባት ከተማ ሆና ልትነቃ ትችላለች። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ ውሻውም ያው ውሻ። ዴንማርክ ውስጥ ግን ከተማ ለመባል 200 ሰው ይበቃል፤ ቤቶቹ ተራርቀው እንዳይበታተኑ ብቻ ነው የሚፈለገው። በዚያ ሚዛን ጥር ወር ላይ ጎንደር ውስጥ የሚጣል አንድ የሠርግ ዳስ ብቻውን ከተማ ነው፤ ከነከንቲባው፣ ከነአስተናጋጁ፣ ሥጋ አልደረሰንም ብሎ ከሚያምፀው ተቃዋሚው ጋር። ወደ ጃፓን ብትሄዱ ደግሞ ለከተማነት 50,000 ሰው ይጠይቃሉ። በ1999ኙ ቆጠራ 207,044 ሰው የተቆጠረባት ጎንደር በኩራት ታልፋለች፤ ደባርቅ በሩ ላይ ትመለሳለች።

ያ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከተሜው 16.1 በመቶ ነው አለ። ሊቃውንቱ ከዚህ ቁጥር ተነሥተው ስለ እድገታችን፣ ስለ ኋላ ቀርነታችን፣ ስለ ወደፊታችን መጽሐፍ ጽፈዋል። የዴንማርክን ቁና ብንጠቀም ኖሮ መጽሐፉ ሌላ ይሆን ነበር። የጃፓንን ብንጠቀም ጭራሽ ባልተጻፈ።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ የሚል ካለ ቅዳሜ ገበያ ይውረድ። ጤፍ ተራ ውስጥ የአንዷ ቁና ከሌላዋ ቁና እኩል አይደለም፤ ሁሉም ግን የእኔ ነው ልኩ ብለው ይምላሉ። ሴትዮዋ ትሰፍራለች፣ በመዳፏ አፉን ትልገዋለች፣ ወደ ከረጢታችሁ ትገለብጠዋለች። ያን ጊዜ «እትዬ፣ ይመርቁልኝ እንጂ» ትላላችሁ። «ምኑን ልመርቅልህ ልጄ፣ ክምር አድርጌ ሰፍሬልህ!» እያለች፣ ፊቷን አዙራ፣ እፍኝ ትጨምራለች።

ያቺን እፍኝ እወዳታለሁ። ሴትዮዋ ቁናዋ ከጎረቤቷ ቁና እንደሚለይ ታውቃለች፤ ገዢውም ያውቃል። ሁለቱ የሚያውቁት ስሕተት በእፍኝ ይታረቃል። ቢሮ ውስጥ ያለው ቁና ግን ምርቃት የለውም። ቢሮው ራሱ የሰፋውን ቁና ከሰማይ የወረደ አድርጎ ያያል፤ «ይመርቁልኝ» ብትሉት መመሪያ ያወጣል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ተመልከቱ። በ2014 ዓ.ም. ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈተነና የዩኒቨርሲቲ ማለፊያ የተባለውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። ፈተናው እንዲጠብቅ የፈለጉበትን ምክንያት አልቃወምም፤ ኩረጃው የት ደርሶ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምጠይቀው 50 ከየት መጣ የሚለውን ነው። ግማሽ ስለሆነ ነው። ግማሽ ለምን? ቁጥሩ ስለሚያምር። ስድስት ጣት ቢኖረን ኖሮ ሌላ ቁጥር ያምረን ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከግማሽ በታች አምጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሰዎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ይመታሉ፤ 49 ያመጣው ልጅ ለጉዳይ ሲመጣ ፋይሉን የሚያዩለትም እነሱ ናቸው። ሰፈር ውስጥ ግን ፍርዱ ወዲያው ነው። 51 ያመጣችው ልጅ «ዱሮም ጎበዝ ነበረች»፣ 49 ያመጣው «ዱሮም ኳስ ነው የሚያየው»። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ጥያቄዎች ላይ እርሳሱ የተንሸራተተበት ቅጽበት ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ የሕይወት ታሪክ ግን ከኋላ ወደ ፊት ተስተካክሎ ይጻፋል። እናቶቹ እንኳ ቡና ሲጠራሩ ድምፃቸው ይለያል።

በኋላ ላላለፉት ሪሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት መጣ። ደስ አለኝ፤ መንግሥትም መመረቅ ጀመረ አልኩ። ግን ለሪሜዲያል መግቢያም ነጥብ ተቆረጠለት። ለምርቃቱም ቁና ተሰፋለት ማለት ነው።

ዕድሜስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው ይላል። የተባበሩት መንግሥታት 24 ላይ ይዘጋል። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያቆያል። በ2009 የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ደግሞ ከ18 እስከ 34 ላለው ነው የመጣው። ከጠረጴዛችን ሰዎች አንዱ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በኒውዮርክ ቋንቋ ወጣትነቱ ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ በፖሊሲው አራት ዓመት፤ አፍሪካ ኅብረት ደጅ ላይ ቢቆም ግን ገና ጎረምሳ ነው። ልጁ ብልህ ነው፤ ስለዚህ እንደ ጉዳዩ ይኖራል። ብድር ሲጠይቅ ወጣት ነው። ሽምግልና ሲጠራ ሽማግሌ ነው። ሚስት ሲፈልግ ደግሞ ዕድሜው ከመታወቂያው ላይ በቡና ጠብታ የተበላሸ ይመስል «ሠላሳ ግድም» ነው። የባጃጁን ሾፌር የሚያስንቅ ካርታ አለው።

ይኸው ልጅ ሥራ አጥ ነው። ነው ስላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የዓለም ሥራ ድርጅት በሚከተለው ትርጉም በሳምንቱ ውስጥ አንዲት ሰዓት ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል። ማክሰኞ ዕለት ደላላው ለተከራይ ቤት እንዲያሳይለት ልኮት፣ ሰዓት ለሚሞላ ጊዜ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ የሻይ ተሰጥቶት ነበር። ስለዚህ ባለ ሥራ ነው፤ እኛ ግን ይህን የምሥራች ነግረነው አልተደሰተም። ድህነቱንም ብንለካለት ያው ነው። የአገራችን የድህነት መስመር ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ከሚገዛው ምግብ ተነሥቶ፣ ሌላም ወጪ ተጨምሮበት የተሠራ ነው፤ በ1988 ዓ.ም. በዓመት 1,075 ብር ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. 7,184 ብር ሆነ። ለቀን ሲካፈል ሃያ ብር አይሞላም። ያን ዓመት 7,183 ያወጣ ድሃ ነበር፤ 7,185 ያወጣው ከድህነት የወጣ ሰው ሆኖ በሪፖርት ተጨብጭቦለታል። ሁለት ብሩን ምን እንደገዛበት አልተጻፈም።

የጎንደርን ሰው ግን በአንድ ነገር አደንቃለሁ፤ የማይጠቅመውን ትርጉም በጨዋነት ችላ ማለት ያውቃል። በ1947 ዓ.ም. እዚህ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንን የሚባል ባለ ሙያ ማሠልጠን ጀመረ፤ ሰፈሩን ዛሬም «ኮሌጅ» እያልን የምንጠራው በዚያ ነው። ሐኪም በጠፋበት ዘመን የጤና መኮንኑ በበቅሎ ወጥቶ ያዋልዳል፣ ወረርሽኝ ያስቆማል፣ የጤና ጣቢያ ይመራል። የዓለም ጤና መዛግብት ኢትዮጵያ ለስንት ሰው ስንት ሐኪም አላት ብለው ሲቆጥሩ እሱን ከሐኪም አይደምሩትም፤ ጎድለን እንታያለን። ከወገራ የመጣው ባላገር ግን ነጭ ጋዋን ያየበትን ሁሉ «ዶክተር» ይላል። ባላገሩ ተሳስቷል ይሉኛል የተማሩ ወዳጆቼ። እኔ አይመስለኝም። መዝገቡ የቆጠረው ዲግሪ ነው፤ ባላገሩ የቆጠረው ልጁን ያዳነለትን ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎቹ ዘንድ ስንመጣ ደግሞ የቁናው ነገር ይብሳል። «የጎንደር ዘመን» እ.ኤ.አ. በ1636 ዐፄ ፋሲለደስ ከተማውን ሲቆረቁሩ ይጀምርና በ1769 ዐፄ ኢዮአስ ሲገደሉ ያልቃል፤ ከዚያ ዘመነ መሳፍንት ይገባል፤ በ1855 ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ እሱም ያልቃል። ክፍል ውስጥ ሲነገር እንደ አውቶብስ ፌርማታ ነው። ግን በ1769 ማግስት ጠዋት ጎንደር ላይ የነቃ ሰው ምን የተለየ ነገር አየ? ንጉሥ አለ፣ ደብሩ ይቀደሳል፣ ገበያው ይቆማል። ነገሥታቱ ከዚያም በኋላ በስምም ቢሆን ሰማኒያ ስድስት ዓመት እዚሁ ተቀምጠዋል። እየወረዱና እየተመለሱ ስድስት ጊዜ ያህል የነገሡት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል፤ እሳቸው የነበሩት እስከ 1800 ድረስ ነው። የዘመኑ ሰው መንግሥት አለቀ ብሎ ያሰመረው እሳቸው ላይ ነው ማለት ነው፤ የእኛ ሊቃውንት ሠላሳ ዓመት ቀድመው አስምረው ጨርሰዋል። ያላለቀ ሰው አለቀ ተብሎ እንዴት እንደሚኖር መቼም የጡረታ ወረቀት የደረሰው ይነግራችኋል። «የጎንደር ኪነ ሕንጻ» የሚባለውም ከጎንደር በፊት ነው የሚጀምረው፤ እንፍራዝ ላይ ያለው የጉዛራ ግንብ ለዐፄ ሠርጸ ድንግል ነው የሚሰጠው፣ እሳቸው የሞቱት ደግሞ ጎንደር ከመቆርቆሯ አርባ ዓመት ያህል በፊት ነው። ልጁ ከአባቱ በፊት ተወልዶ በአባቱ ስም ተጠራ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የቅርሱ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ጥንታዊ የሚባለውን ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ብሎ ገደበው። ክብ ቁጥር ሰውን ያባብላል። በዚህ ቁና የቋራው ሰው ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ጥንታዊ አይደለም፤ የተቀለጠው እ.ኤ.አ. በ1867 ነውና በእኛ አቆጣጠር አሥር ዓመት ያህል ዘግይቷል። መቅደላ ድረስ ያን ሁሉ ዳገት የተጎተተው ብረት በሕጉ ዓይን አዲስ ዕቃ ነበር። የፒያሳ የጣሊያን ሕንጻዎችማ ጭራሽ አይታሰቡም። ከዚያ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 መጣና ዓመት ሳይገድብ፣ ቅርስ ማለት የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ የጎላ ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ ወይም ጥበባዊ ዋጋ ያለው ነው አለ። ሰፊ ልብ ያለው ትርጉም ነው፤ በሚገባ የተሠራ ማኪያቶም በክርክር ሊገባ ይችላል። አያቶቻችን በርግማን ያዩት የጠላት ፖስታ ቤት እንደዚህ ሆኖ ነው የልጅ ልጆች ጥገና የሚጠይቁለት ሀብት የሆነው። መምህራችን ይህን ሲሰሙ «ሕንጻው አልተለወጠም፣ ቀለሙ እንኳ ያው ነው» አሉ። ደላላው ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበው። «ቅርስ ከሆነ አይፈርስም። ካልፈረሰ ፎቅ አይሠራበትም። ታዲያ እኔ ምኑን ነው የምሸጠው?»

በሑዳዴ አንድ ፈረንጅ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ። በተሰባበረ አማርኛ እንስሳ የሚባል ነገር እንደማይበላ ለአስተናጋጁ አስረዳው። አስተናጋጁ ደስ ብሎት «አይዞህ፣ ሁሉም የጾም ነው» አለና ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ከጣና የመጣ አንድ ሙሉ ዓሣ፣ ከነራሱ፣ ከነዓይኑ፣ ጠብሶ አቀረበለት።

ፈረንጁ ዓሣውን አየ፤ ዓሣው ፈረንጁን አየ።

«ይሄ እንስሳ ነው» አለ ፈረንጁ።

«አይደለም» አለ አስተናጋጁ፣ «ዓሣ ነው።»

ከእኛ ጠረጴዛ ክርክሩ ተነሣ። መምህሩ ካህናቱ ለሑዳዴ ዓሣ እንደማይፈቅዱ ተናገሩ፤ አንድ ጊዜ መብላታቸውን የነፍስ አባታቸው ሰምተው እንደተቆጧቸውም ጨመሩ። የሠላሳ ሦስት ዓመቱ ወጣት ዓሣ ደም የለውም ይባላል አለ። ደም አለው፣ አንተ ቆርጠህ አታውቅም ተባለ። ደላላው ውኃ ውስጥ የሚኖር ነገር በየት አገር ሥጋ ይባላል ብሎ ጠየቀ፤ ጉማሬስ ብዬ ብመልስለት ለጊዜው ዝም አለ። ፈረንጁ እስከዚያ ሽሮ አዞ በልቷል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ እንጨርሰው ብለን የምግብ ዝርዝሩን አስመጣን። ዓሣው የተጻፈው «የጾም» በሚለው ሥር ነው፤ ከሽሮው፣ ከምስር ወጡና ከበያይነቱ ጋር። ዋጋው ግን ከጥብሱና ከክትፎው ጋር ነበር።